የእህቴን ልጅ ፀጉር በሌዘር ለካሁት

ብርሃን ሞገድ ነው ሲባል ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተናል፤ ፈተና ላይም ጽፈናል። በዓይን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚሸጥ ቀይ የልጆች ሌዘር፣ ያረጀ ሲዲ፣ አንድ ፀጉርና ሜትር ብቻ ነው።

ይህን ለማየት ብዙ ሰው ብርሃኑ የሚያልፍባቸው ሁለት ቀጭን ስንጥቅ በምላጭ ለመቅደድ ይታገላል። አትድከሙ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቶማስ ያንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1803 ለሮያል ሶሳይቲ፣ ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር፣ ባቀረበው ሙከራ ስንጥቅ አልቀደደም። በትንሽ ቀዳዳ በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ 1/30 ኢንች ያህል ስፋት ያላት ቁራጭ ካርድ አስገባ። ጥላዋ ውስጥ መስመሮች አየ። በካርዷ አንድ ጎን የሚያልፈውን ብርሃን ሲጋርደው መስመሮቹ ጠፉ። በሁለቱም ጎን የመጣው ብርሃን ተገናኝቶ ነው የሚሠራቸው ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ፀጉሩን የእህቴ ልጅ ሰጠችኝ። «አጎቴ፣ የራስህ የለህም እንዴ?» አለች፣ መላጣዬን እያየች። ካርቶን ላይ መስኮት ቆርጬ ፀጉሩን መሃሉ ላይ ወጥሬ በፕላስተር አሰርኩት። የሌዘሩን ቁልፍ የልብስ መቆንጠጫ ይዞልኛል። ከዚራ ያለው ቤታችን ኮሪደሩ ረጅም ስለሆነ ግድግዳውን ከፀጉሩ 4 ሜትር አራቅኩት። ርቀቱ ትልቅ ነገር ነው። ቅርብ ከሆነ መስመሮቹ ተጨናንቀው በሜትር አይያዙም። ከዚያ ጨለማ ያስፈልጋል። መብራት ሲሄድ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው፣ አቦ!

ግድግዳው ላይ ቀይ ነጥብ ብቻ አይደለም የሚታየው። ከግራና ከቀኝ ቀይ፣ ጨለማ፣ ቀይ፣ ጨለማ እያለ ይሄዳል። የአንዱ ሞገድ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ሲገጥም ይጠፋፋሉ፤ ጨለማው እሱ ነው። ባቢኔ በሚባለው ሕግ መሠረት ፀጉሩ ልክ የራሱን ያህል ስፋት እንዳለው ስንጥቅ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የፀጉሩ ውፍረት ስሌት ቀላል ነው፦ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት (ከአንዱ ከፍታ እስከ ቀጣዩ ያለውን) እስከ ግድግዳው ባለው ርቀት አባዙት፣ በሁለት ጨለማዎች መሃል ባለው ክፍተት አካፍሉት።

ችግሩ የሞገድ ርዝመቱ ነው። ሌዘሩ ላይ የተለጠፈው ከ630 እስከ 680 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ይላል። ይሄ ደግሞ መልስ አይደለም። ሲዲው የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የሲዲ መስመሮች በ1.6 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ይራራቃሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። ካርቶን በስቼ ሌዘሩን በቀዳዳው አሳለፍኩና 50 ሴንቲሜትር ላይ ያለውን ሲዲ ቀጥ አድርጌ መታሁት። የተመለሰው ነጥብ ከቀዳዳው 22.3 ሴንቲሜትር ርቆ ካርቶኑ ላይ አረፈ። የማዕዘኑን ሳይን ስታወጡ (22.3ን ከሲዲው እስከ ነጥቡ ላለው ርቀት ስታካፍሉ) 0.407 አካባቢ ነው፤ በ1.6 ሲባዛ 0.65 ማይክሮሜትር፣ ማለትም 650 ናኖሜትር። ይህን ስታደርጉ ልጆች አጠገብ ካሉ ነጸብራቁ ዓይናቸው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ከዚያ ወደ ፀጉሩ ተመለስኩ። አንድን ክፍተት ብቻ መለካት አይበጅም፤ የእርሳስ ምልክቱ ራሱ ሚሊሜትር ይበላል። በግራ ከአምስተኛው ጨለማ በቀኝ እስካለው አምስተኛ ድረስ ለክታችሁ ለ10 አካፍሉ። 37 ሴንቲሜትር አገኘሁ፤ ክፍተቱ 3.7 ነው። ውፍረቱ 70 ማይክሮሜትር ሆነ። የጎረቤታችን የጋሼ ጢም ደግሞ 21 ሴንቲሜትር ብቻ ሰጠኝ፣ 124 ማይክሮሜትር ገደማ። የወፈረው መስመሮቹን ያጠጋጋል፣ የቀጠነው ይበትናል። ልጅቷ ይህን ስታይ «ታዲያ ተገላቢጦሽ ነው!» አለች። ነው።

ዲቪዲ ካላችሁም ሞክሩት፤ መስመሮቹ በ0.74 ማይክሮሜትር ነው የሚራራቁት። ነጥቡ እጅግ ሰፍቶ ስለሚሄድ በ50 ሴንቲሜትር ካርቶኑ አይበቃችሁም። ወደ 20 አስጠጉት፣ ከቀዳዳው 37 ሴንቲሜትር አካባቢ ፈልጉት።