ከሀዋሳ ገበያ በጳጉሜ፦ ምን ተገዝቶ ምን ቀድሞ ይበስላል

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሀዋሳ ገበያ ይሞላል። እሸት በቆሎ በአህያ ጋሪ ይገባል፤ የበልግ ቦሎቄ ተወቅቶና ደርቆ በጆንያ ይቆማል፤ ዱባው መሬት ላይ ይከመራል፤ ጎመኑ ዝናብ ጠግቦ ቅጠሉ ሰፍቷል። በዚህ ወቅት ገንዘብ የሚባክነው ገበያ ላይ ሳይሆን ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ሁሉም በአንድ ዘንቢል ይመጣና ተራ ሳይያዝለት ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ቀን በቆሎው ደርቋል፣ ጎመኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንኩርቱ አንገቱ ላይ ሻግቷል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚበስልበትን ተራ ማሰብ ይሻላል፦ በቆሎ በዚያው ቀን፣ ጎመን እስከ ማግስቱ፣ ቦሎቄና ዱባ ሲያመች።

ዋናዎቹ የገበያ ቀናት ሰኞና ሐሙስ ናቸው። ሐሙስ ለዚህ ዓይነት ግዢ የተመቸ ነው፤ ማታ በቆሎው ይበላል፣ ቦሎቄው ይዘፈዘፋል፣ ዓርብ የጾም ወጥ ይሆናል፣ ቅዳሜ ጎመኑ አይብ ያገኛል (ለዚያ ጎመኑን ሐሙሱኑ ቀቅሎ ማቆየት ያስፈልጋል፤ በኋላ እመለስበታለሁ)። በጣም ማልዶ መሄድ አይጠቅምም። ከገጠር የሚመጡት ጠዋት ቆርጠው፣ ጭነው፣ መንገድ ሄደው ነው የሚደርሱት። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ትኩሱ ገብቷል፤ የከሰዓቱ ዝናብም ገና ነው።

በበቆሎው እንጀምር፤ ከሁሉም ፈጥኖ የሚበላሸው እሱ ነው። እሸት በቆሎ ከተቆረጠበት ደቂቃ ጀምሮ በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ስታርች መለወጥ ይቀጥላል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። እኛ ጋ የሚሸጠው ለእህል የሚዘራው በቆሎ ስለሆነ ስኳሩ ከመነሻውም ብዙ አይደለም። ፀሐይ ላይ ተከምሮ የዋለ በቆሎ የሚያኮርፈው ለዚህ ነው፤ ማብሰል ብቻውን ጣዕሙን አይመልሰውም።

የተቆረጠበትን ጊዜ ለማወቅ እግሩን፣ ማለትም ከአገዳው የተገነጠለበትን ቦታ ተመልከቱ። ነጭና እርጥብ ከሆነ የዛሬ ነው። ከጠቆረና ከደረቀ ቢያንስ አንድ ቀን አልፎታል። «እናቴ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የተቆረጠው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ግን መልሱን ከእግሩ ጋር አስተያዩት። ጸጉሩ ጫፉ ላይ ቡናማ ሆኖ ደርቆ፣ ወደ ልባሱ ሲጠጋ ገና እርጥብ መሆን አለበት። ሁሉንም በቆሎ እየላጡ ማየት ሻጯን መጉዳት ነው፤ የተላጠው ቶሎ ይደርቃል፣ ቀጥሎ የሚመጣውም አይገዛውም። ከአንዱ ብቻ ጫፉን ገለጥ አድርጎ አንድ ፍሬ በጥፍር መጫን በቂ ነው። ውሃ የመሰለ ነገር ከወጣ ገና ነው፤ ተዉት። ነጭ ወተት ከፈሰሰ ለቅቅል ነው። ወተቱ ወፍሮ እንደ ሊጥ ከሆነና ጥፍሩ ትንሽ ከታገለ ለጥብስና ለዳቦ ነው። ጥፍር ከነጠረበት ለንፍሮ ካልሆነ በቀር አይሆንም። ከአንድ መደብ ሦስቱም ዓይነት ሊወጣ ስለሚችል ቤት ሲገባ መለየት ግድ ነው፤ ቅቅል ላይ ግማሹ የሚሟሟው ግማሹ የሚደነድነው ሳይለይ ስለተጣደ ነው።

ለቅቅል የውጩን ልባስ አንስታችሁ የውስጡን ሁለት ሦስት ቅጠል ተዉለት። ውሃው ከፈላ በኋላ ይግባ። ወተት የያዘው ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሊጥ የሆነው ከአንድ ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከቆላ የመጣ የማብሰያ ሰዓት እዚህ አይሠራም። ከድስት የወጣ በቆሎ አየር ሲያገኘው ፍሬው ይጨማደዳል። ስለዚህ እስኪበላ ከነቅጠሉ፣ ከነውሃው ይቆይ፤ ጨውና ሚጥሚጣው እጅ ላይ ይነስነስ።

ጥብስ ላይ ጥፋቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከሰሉ ገና ነበልባል እያለው ማስቀመጥ። ውጩ ይጠቁራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ፣ አራት ጣት ያህል ከፍ ባለ ሽቦ ላይ አድርጉት፣ አንድ ረድፍ ፍሬ ወርቃማ ሲሆን አዙሩት፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ለጋ በቆሎ ለጥብስ አይሆንም፤ ውሃው ሲተን ፍሬው ሟሽሾ ልጣጭ ብቻ ይቀራል።

ትንሽ የጠነከረውን ግን የእሸት ዳቦ አድርጉት። ሀዋሳ የኮባ ቅጠል በቀላሉ የሚገኝባት ከተማ ናት፤ ይህን ዕድል አለመጠቀም ያሳዝናል። ከ8 እስከ 10 በቆሎ ፈልፍሉ፤ አንድ ኪሎ ገደማ ፍሬ ይወጣዋል። በወፍጮ ወይም በመፍጫ ማሽን ውሃ ሳይጨመር ይፈጭ። ማሽኑ ካልዞረ በሾርባ ማንኪያ እየቆጠራችሁ ውሃ ጨምሩ፤ ከአምስት ማንኪያ ካለፈ ዳቦው አይቆምም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ለጋ ቅቤ ይግባበት። ሊጡ በጭልፋ ሲነሳ በዝግታ መውደቅ አለበት። እንደ አጥሚት ከፈሰሰ 100 ግራም የስንዴ ወይም የበቆሎ ዱቄት ጨምሩና ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት፤ ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣዋል።

ኮባው መጀመሪያ ወላፈን ይንካው። ጥሬው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ሊጡም በስንጥቁ ወርዶ ድስቱ ላይ ያርራል። እሳቱ ላይ በፍጥነት ስታሳልፉት ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ እንደ ጨርቅም ይለሰልሳል፤ ያኔ የመሃሉን ወፍራም ጅማት ቁረጡለት። ወፍራም ድስት ውስጥ ሁለት ድርብ አንጥፉ፣ ሊጡን ከሁለት ጣት በማይበልጥ ውፍረት አፍሱ፣ ከላይ በኮባ ሸፍኑና ክዳኑን ግጠሙ። እሳቱ ዝግ ይበል፤ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ። ቢላዋ መሃሉ ላይ ገብቶ ንጹሕ ከወጣ ደርሷል። ከዚያ 20 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይረፍ። ትኩሱን የቆረጠ ሰው «አልበሰለም» ይላል፤ በስሎ ሳለ ገና ስላልጠጠረ ነው። ካረፈ በኋላም መሃሉ ሙጫ ከሆነ ግን ወይ በቆሎው በጣም ለጋ ነበር፣ ወይ ሊጡ ከሁለት ጣት በላይ ወፍሮ ፈስሷል።

ቦሎቄን በጣሳ ስትገዙ የዘንድሮ መሆኑን ለዩ። በበልግ ተዘርቶ በክረምቱ መግቢያ የተሰበሰበው ቀይ ቦሎቄ ቆዳው ያበራል፣ ቀለሙ እኩል ነው። ያምናው ጠቆር፣ ደብዘዝ ይላል፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ከቆየ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀልም የማይለሰልስ ይሆናል። ያረጀና አዲስ የተደባለቀ ከሁሉም የከፋ ነው፦ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ጥርስ ይሰብራል። እጃችሁን ወደ ጆንያው ከስር አስገብታችሁ አንድ እፍኝ አውጡ፤ ከላይ ያለው ሁልጊዜ የተመረጠው ነው። በእፍኙ ውስጥ የነቀዝ ቀዳዳ ካያችሁ እለፉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ጥሬ ወይም በቅጡ ያልፈላ ቀይ ቦሎቄ ሆድ የሚያናውጥ፣ የሚያስመልስ መርዛማ ፕሮቲን አለው። ለብ ባለ እሳት ቀኑን ሙሉ ማንተክተክ አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ኃይለኛ ፍል ነው። 500 ግራም ቦሎቄ ሌሊቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ጣዱና እየተንፈቀፈቀ 30 ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ በኋላ ብቻ እሳቱ ይቀንስ፤ አዲሱ በአንድ ሰዓት ገደማ ይለሰልሳል። ቲማቲምም ሎሚም ከመለስለሱ በፊት አይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ቆዳውን ያደነድነዋል። ለወጡ 4 መካከለኛ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። ቁሌቱ ሲበስል ቦሎቄው ከመቀቀያው ሁለት ጭልፋ ውሃ ጋር ይግባ፣ ጥቂቱ በጭልፋ ጀርባ ይደቅ፤ ወጡን የሚያወፍረው እሱ ነው። ከለሰለሰው ቦሎቄ ግማሹን አስቀርታችሁ የጠነከረ እሸት በቆሎ ፈልፍላችሁ ብትጨምሩበትና 40 ደቂቃ አብራችሁ ብታንተከትኩት ደግሞ ንፍሮ አገኛችሁ።

ጎመን በእስር ነው የሚሸጠው። ትልቁ እስር አያታልላችሁ፤ በክረምት የሰፋው ቅጠል ግንዱ ክር ነው። መካከለኛው ቅጠል፣ ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበረው ይሻላል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጡ፦ ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ የሚሰፍረው እዚያ ነው። ቤት ስትደርሱ እስሩን ወዲያው ፍቱት፤ ታስሮ በፌስታል ያደረ ጎመን መሃሉ ይግላል፣ ይሸታል። አንድ እፍኝ ጨው ባለበት ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ በሁለት ንጹሕ ውሃ እጠቡት። ቅጠሉን ከውሃው አንሱ እንጂ ውሃውን ከላዩ አትድፉ፤ የዘቀጠው ጭቃ መልሶ ይወርድበታል። በብዙ የፈላ ውሃ ክዳን ሳይገጠም 5 ደቂቃ ይቀቀል። ሲከደን ከቅጠሉ የሚወጣው አሲድ በእንፋሎቱ አያመልጥም፤ አረንጓዴው የወይራ ቀለም ይሆናል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አብርዱት፣ ጨምቁት፣ አድቅቃችሁ ክተፉት። የተጨመቀው በማቀዝቀዣ ሁለት ቀን ይቆያል፤ የሐሙሱ ጎመን ለቅዳሜ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ለሁለት እስር 250 ግራም አይብ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ኮረሪማና ሚጥሚጣ በጣት ቁንጥር። ጎመኑን በቅቤው አሙቁት፣ ግን ለብ እስኪል ጠብቁና ነው አይቡ የሚገባው፤ ትኩስ ጎመን ላይ የገባ አይብ ውሃውን ለቅቆ ሳህኑን ያረጥበዋል። ከቆጮ ጋር ይቅረብ።

ዱባ ጥፍር የማይበሳው፣ እግሩ የደረቀ፣ ሲነሳ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ይሁን። ሙሉው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ሳምንታት ይቆያል፣ የተቆረጠው ግን ከሦስት ቀን አያልፍም፤ ፍሬውንና ክሩን ጠርጎ ማስቀመጥ ጥቂት ያራዝምለታል። ወጡ ላይ ውሃ አትጨምሩ፤ ዱባው ራሱ ያወጣል። ቁርጡ ሦስት ጣት ያህል ይሁን፣ ቁሌቱ ላይ ከገባ በኋላ በማማሰያ አይነካካ፤ ድስቱን ይዞ ማነቃነቅ ይበቃል።

ቲማቲም በዚህ ወቅት ብዙ ተስፋ አትጣሉበት። ዝናቡ ቅጠሉን በዋግ ያስመታዋል፣ ፍሬው ውሃ ቋጥሮ ይሰነጠቃል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ከላይ ያሉት ምግቦች ሁሉ ያለ ቲማቲም ይሠራሉ። ሽንኩርት ስትገዙ አንገቱን ጨምቁ፤ ከለሰለሰ መሃሉ መበስበስ ጀምሯል። ድንች ልጣጩ በአውራ ጣት ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ አዲስ ነው፤ ለቅቅል ግሩም ነው፣ ግን አይቆይምና ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ ግዙ። አረንጓዴ የሆነውን ቢመረቅላችሁም አትውሰዱ፤ ያ ቀለም መራራና የሚመርዝ ነገር እንደተጠራቀመበት ምልክት ነው።

አቮካዶ በአንድ ደረጃ የደረሰ አትግዙ፤ ሁለት ለዛሬ፣ ሁለት ለነገ ወዲያ፣ ሁለት ድንጋይ የሆኑ። ሆዱን አትጫኑት፤ የተጫነበት ቦታ ይጠቁራል፣ ሻጯም ትከስራለች። አንገቱ ላይ በቀስታ ንኩት። ድንጋዩን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር አስቀምጡት፤ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ያበስለዋል። ሳይበስል ማቀዝቀዣ ከገባ ግን ብዙ ጊዜ ለስልሶ አይበስልም።

መጫኛው ዘንቢል ይሁን፦ ዱባና ድንች ከስር፣ በቆሎ ከነልባሱ ከጎን፣ ጎመን ከላይ፣ አቮካዶ በእጅ። ባጃጅ ላይ ከኋላ ሞተሩ አጠገብ ያለው ቦታ ይሞቃል፤ በቆሎውን እዚያ አታስቀምጡት። ቤት እንደገባችሁም በመጀመሪያ የበቆሎውን ውሃ ጣዱ፤ እስኪፈላ ጎመኑ ይፈታል፣ ቦሎቄው ይለቀማል።