ሰማዩን አንቺ ያዢ፣ ቆርቆሮውን ለኔ ተይልኝ

እኔና አብሮ አደጌ መደዋወል ያቆምነው ተጣልተን አይደለም፣ ተሳቅቀን ነው። እኔ ሲያትል ነኝ፣ እሷ አዲስ አበባ፣ በሰመር 10 ሰዓት በዊንተር 11 ሰዓት ነው ልዩነታችን፣ እና አንዳችን ስንነቃ አንዳችን ልንተኛ ነው። እንደምንም ስንገናኝ ደሞ ያችው ናት፣ ደህና ነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማስ፣ ስኳራቸውስ፣ በቃ አለቀ። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ሲንሳፈፍ ደሞ ወሬያችን ጭራሽ ዶላር ስንት ገባ ሆኖ አረፈው። እሷ ስለ ኑሮ ውድነት ስታወራ ላኪልኝ ያለችኝ እንዳይመስለኝ ትፈራለች፣ እኔ ደሞ ካልላኩ ዝም ብዬ የሰማኋት እንዳይመስላት እፈራለሁ፣ እንዲህ ስንፈራራ ሶስት ወር ጭጭ።

ዓይኔን የገለጠልኝ የእህቴ ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ ሄድሴቱን ጆሮው ላይ ደፍቶ ማይንክራፍት ይጫወታል፣ ሌላ ስቴት ከሄደ ጓደኛው ጋር ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብጠብቅ አያወሩም። ምን አለህ ጓደኛህ ስለው "ምንም፣ እንጨት እየቆረጠ ነው" አለኝ። እኔኮ ከሷ ጋር የናፈቀኝ ይሄ ነው! ሰፈር እያለን በር ላይ ቁጭ ብለን ቅልብልቦሽ ስንጫወት ማን ያወራ ነበር፣ ጠጠሯን ወደላይ መወርወር መቅለብ፣ ስትወድቅብሽ ተራ መልቀቅ፣ እናቶቻችን እስኪጠሩን ድረስ።

ከሷ ጋር የምንጫወተው ጌም ፈልግልኝ ስለው ልጁ መጀመሪያ ያመጣልኝ ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን ነው፣ እርሻ ነው፣ አብረሽ ትዘሪያለሽ ታጠጫለሽ አሳ ታጠምጃለሽ፣ ሙዚቃው ራሱ እንቅልፍ ያስወስዳል። ግን ኮምፒውተር ላይ አብሮ ለመጫወት ሁለታችንም መግዛት አለብን፣ እሷ በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ታምጣ፣ ኮምፒውተርም የላትም። እኔ ልግዛልሽ ብላት ደሞ ተመልሰን እዛው መሳቀቅ ልንገባ ሆነ። ስለ ጨዋታው ስነግራት ያለችኝን ግን አልረሳውም፣ "አባቴ ገጠሩን ጥሎ የመጣው እኔ በስልክ ጎመን እንድኮተኩት ነው?"

ከዛ ሉዶ ኪንግ፣ ስልክ ላይ የሚጫወቱት ሉዶ። ነፃ ነው፣ አንዷ ክፍል ትከፍትና ኮዱን ለሌላዋ ትልካለች፣ 6 እስኪወጣልሽ ጠጠርሽ ከቤት አይወጣም ምናምን፣ ሁላችንም የምናውቀው። የመጀመሪያው ሳምንት በሳቅ ሞትን፣ "በላሁሽ!" ብላ ስትጮህ ሱቋ የገባ ደንበኛ ደንግጦ ወጣ። ግን ሉዶ ቀጥታ ነው፣ እዛ መብራት ሲጠፋ ወይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ጨዋታው ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም፣ እና ልትገባ አንድ ጠጠር ብቻ ቀርቷት ስትጠፋብኝ እኔ አሸነፍኩ ተባልኩ። እንዲህ ያለ ማሸነፍ ደስ አይልም። ማስታወቂያውም ያሰለቻል።

አሁን የጸናነው ሁለቱ ላይ ነው። አንደኛው ሊቼስ የሚባል ሳይት ላይ ቼዝ ነው፣ እሱ ማስታወቂያ የለውም ክፍያ የለውም፣ በብሮውዘርም ይከፈታል። ቼዝ ጭንቅላት የሚያዞር ነገር ነው ብላችሁ እንዳትሸሹ፣ እኛ ፈረሱ እንዴት እንደሚዘል እንኳን በቅርብ ነው ያወቅነው። ቁም ነገሩ ለአንድ ተራ እስከ 14 ቀን ጊዜ መስጠት መቻሉ ነው። እሷ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ወታደሯን ትገፋለች፣ እኔ ከስራ ስወጣ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ሳሞቅ አየውና እመልሳለሁ። የት ጠፋሽ የለ፣ ለምን አልደወልሽም የለ፣ ወታደሯ ከተንቀሳቀሰ ደህና ነች ማለት ነው።

ሁለተኛው ፐዝል ነው፣ ለሱ ቀጠሮ እንይዛለን። እኔ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ናይት ሺፍት ነው የምሰራው፣ ሁሉም ከተኙ በኋላ ልብስ አጣጥፌ ብሬኬን የምወስደው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፣ ያኔ እሷ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሱቋን ከፍታ ቡናዋን ይዛ ትቀመጣለች። በዊንተር ወደ 4 ሰዓት እንመልሰዋለን። ባለፈው ማርች ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ ረስቼው በድሮው ሰዓት ገብቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኳት፣ ተቀይሜ የተቀያየመ ሜሴጅ ሁሉ ጽፌያለሁ፣ እሷ ምስኪን ገና የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች።

ፐዝሉ ጂግሶ ኤክስፕሎረር የሚባል ሳይት ላይ ነው፣ ሊንኩን ትልኪላታለሽ፣ ሁለታችሁም አንድ ስዕል ላይ ትሰራላችሁ፣ እሷ የምታንቀሳቅሰው ቁራጭ እኔ ስክሪን ላይ ሲሄድ ይታየኛል። የራስሽንም ፎቶ ታስገቢበታለሽ፣ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ሊንክ ይኑረው እንጂ። እሷ የሰፈራችንን ፎቶ ላከች። እኛ የዶሮ ማነቂያ ልጆች ነን፣ ፒያሳ፣ በ2016 በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል፣ እነ እሷም ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ፎቶው ተራ ፎቶ ነው፣ ቆርቆሮ አጥር፣ የልብስ ገመድ፣ ትንሽ ሰማይ፣ ዳር ላይ የሆነ ሰው ትከሻ። 150 ቁራጭ።

"ሰማዩን አንቺ ያዢ፣ ቆርቆሮውን ለኔ ተይልኝ" አለችኝ። ቴሌግራም ላይ ድምፃችን ክፍት ነው ግን አናወራም። ደንበኛ ሲገባ "ይሄ ስንት ነው" ሲላት፣ ስትከራከር፣ ፌስታል ስታንኮሻኩሽ ይሰማኛል፣ የኔ ልብስ ማድረቂያ ሲያጓራ ደሞ ምንድነው እሱ ትለኛለች። የዛገ ቆርቆሮ እኮ ሁሉም ቁራጭ አንድ አይነት ነው! እሷ ግን እያነሳች ቁጭ፣ እያነሳች ቁጭ። እንዴት አወቅሽው ስላት "ይሄ ሚስማሩ የወለቀበት ነው፣ በሱ ነበር የምናሾልቀው" አለች። እኔ ረስቼው ነበር። ኳሳችን ጎረቤት ግቢ ሲገባ ድንጋይ ላይ ቆመን ቆርቆሮውን ገልጠን እጃችንን የምንሰድበት፣ አንዴ እሷን ቆርጧት ቴታነስ የተወጋችበት።

ትከሻው ላይ ተከራከርን፣ እኔ ወንድሜ ነው አልኩ። ኮቱ ሲገጣጠም አንደኛው ቁልፍ በሌላ ቀለም የተተካ ሆኖ ተገኘ፣ እና ሁለታችንም እኩል "ጋሼ!" አልን፣ ባለ ሱቁ ጋሼ፣ ብስኩት በዱቤ የሚሰጠን። አሁን የት እንደገቡ እንኳን አታውቅም፣ እጠይቃለሁ ብላለች።

እሁድ ሌላ ፎቶ ትልካለች፣ 300 እናድርገው ብያታለሁ፣ ሱቄን ልታዘጊኝ ነው አለች። ቼዙ ላይ ተራው የሷ ነው፣ 4 ቀን ሆናት። ፈረሴን በነፃ መብላት እንደምትችል አላየችም መሰለኝ፣ እኔ ደሞ አልነግራትም።