ቦሌክሴን ስሸጥ ሌንሶቹን አልነጥልም

ካሜራዬን ልሸጥ ነው። ቦሌክስ ኤች 16 ሪፍሌክስ ነው፣ ባለ 16 ሚሊሜትር የፊልም ካሜራ፣ የስዊዘርላንድ ሥራ። የመጀመሪያው ኤች 16 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በራሱ በሌንሱ በኩል የሚያሳየው ሪፍሌክስ ደግሞ በ1956 መጣ።

ልሸጥ ነው ካልኩበት ቀን ጀምሮ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሌንሶቹን ብቻ አትሸጥም?» አልሸጥም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በዚህ ካሜራ ውስጥ፣ ከሌንሱ ኋላና ከፊልሙ ፊት፣ ትንሽ ፕሪዝም አለ። ከሚገባው ብርሃን ከፊሉን ወደ ማያው ይልካል፣ የቀረው ወደ ፊልሙ ያልፋል። ብርሃን እንዲህ ያለ ወፍራም መስታወት ሲያቋርጥ ደግሞ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። ለዚህ ነው ስዊታር የሚባሉት 10 እና 25 ሚሊሜትር ሌንሶቹ ላይ አርኤክስ የሚል ጽሑፍ ያለው፤ ፕሪዝሙ ታስቦበት ነው የተሠሩት። ዲጂታል ካሜራ ላይ መግጠሙን ይገጥማሉ፣ አገጣጠማቸው ሲ ማውንት የሚባለው ዓይነት ነው። ግን ፕሪዝሙ የለም፣ በተለይ ሌንሱን ሙሉ ለሙሉ ከፍታችሁ ስትቀርጹ ምስሉ ጥራት ያጣል። 75 ሚሊሜትሩን ፕሪዝሙ ብዙም አይነካውም፣ እሱ ለብቻው ቢሄድ ያስኬዳል። እሱንም ግን አልነጥልም። ሦስቱ ሌንሶች ካሜራው ፊት ባለ አንድ ሳህን ላይ አብረው ሲሽከረከሩ ነው የኖሩት፤ ካሜራውን ባዶ አስቀርቼ ገንዘብ መቁጠር አይሆንልኝም።

ባትሪ የለውም፣ በእጅ በሚጠመዘዝ ሞላ ነው የሚሠራው። ትናንት ማታ ከቆዳ ቦርሳው አውጥቼ እጀታውን ጠመዘዝኩት፣ ሞላው እየከበደ እየከበደ ሄዶ ቆመ። ቁልፉን ስጫነው ያ የማውቀው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። በሴኮንድ 24 ፍሬም ላይ አንድ ሙሌት 28 ሴኮንድ ገደማ ይሄዳል። እኔም ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፣ ፍጥነቱ እስከ መጨረሻው አልዋዠቀም። ሞላው ተወጥሮ መቀመጥ ስለሌለበት ሁሌም አስጨርሼ ነው የማስቀምጠው። የሚገዛኝም ሰው ይህንን ልማድ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። የ25ቱ የፎከስ ቀለበት ጠጥሯል፣ ውስጡ ያለው ግሪስ ደርቋል። 10ሩን በባትሪ መብራት ፊት ለፊት ብታዩት ጠርዙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ሻጋታ አለ። መሃሉ ንጹህ ነው፣ የቀረጽኩት ፊልም ላይም አላየሁትም። ግን አለ፣ ሳታዩ እንድትገዙ አልፈልግም።

አብረው የሚሄዱት፦ የቆዳው ቦርሳ፣ ሁለት ባዶ ሪል፣ የሌንስ ክዳኖችና ትንሿ የማጣሪያ መያዣ። ይህቺን መያዣ አደራ እንዳትጥሏት። ከሌንሱ ኋላ ባለው ቀዳዳ ነው የምትገባው፤ ማጣሪያ ባይኖርባትም ቦታዋ ላይ መሆን አለባት፣ አለዚያ በዚያ በኩል ብርሃን ገብቶ ፊልሙን ያበላሻል። እኔ አንድ ሙሉ ጥቅል ያጣሁት ይህን ሳላውቅ ነው። 30 ሜትር ፊልም፣ ወደ 2 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ፣ በሙሉ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ወጣ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መግዛት የሚፈልግ መጀመሪያ መጥቶ በእጁ ይሙላው፣ ጆሮውን አስጠግቶ ይስማው። ስለ ዋጋ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።