የአሻራ ቀለሙን ቤታችሁ ተዉት

በ2014፣ መንገዱ ገና እንደልብ በሚያስኬድበት ጊዜ፣ ብቸና አካባቢ አዛውንቶች ስለ ገንዘብና ስለ አደጋ እንዴት እንደሚወስኑ ለሚያጠና አንድ የዶክትሬት ተማሪ የመስክ አስተባባሪ ሆኜ ሠርቼ ነበር። ሥራው ጅምር ነው፣ ፓይለት የሚሉት፣ ዋናው ጥናት ሳይጀመር ጥያቄው ለሰው ይገባል ወይ ተብሎ የሚሞከርበት። ይሄን የምጽፈው ለጥናት ፈቃድ ተብሎ አዛውንት አሻራ ሲጠየቅ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበልላችሁ። ሰው የሚገኘው በበዓል ቀን ቅዳሴ ሲወጣ ነው፣ በሬ ስለማይጠመድ ሁሉም ጊዜ አለው። እድሜ ስትጠይቁ በቁጥር አትጠይቁ፣ ደርግ ሲገባ ትዳር ይዘው ነበር ወይ፣ ስንተኛ ልጅዎ ነበር እያላችሁ ድረሱበት። ጆሮ ለደከመ ሰው መጮህ አይረዳም፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ድምፅን ወፈር አድርጎ ቀስ ብሎ መናገር ነው። ሰው አደጋን እንዴት እንደሚያመዛዝን ለማየት በፈረንጆች 1994 የወጣ ባለ አራት ክምር የካርታ ሙከራ አለ፣ ሁለቱ ክምሮች መጀመሪያ ብዙ አስገኝተው በኋላ የሚያከስሩት፣ እሱን በካርታ አታምጡት፣ ከቤተክርስቲያን የመጣ አባት ቁማር ነው ብሎ ይነሳል፣ እኛ በአራት ሰፌድ ቀየርነውና በደንብ ሠራ። ትምህርት ቤት ያልገባን ሰው ሰዓት ሳል የሚለውን የማስታወስ ፈተና ደግሞ ዝለሉት፣ እርሳስ መያዝን እንጂ ሌላ አይለካም።

አሁን ወደ አሻራው። ተሳታፊው በጥናቱ ለመግባት መስማማቱን የሚያረጋግጥበት የጸደቀው የፈቃድ ቅጽ መፈረም የማይችል ሰው በአውራ ጣቱ ያትማል ይላል። በማርያም ቀን ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠን ነገሩን አስረዳን፣ ጨዋታው ደርቶ ነበር፣ ሁሉም እሺ ብሏል፣ ታዲያ ባልደረባዬ ቀለሙን ከቦርሳው ሲያወጣ ወሬው ቀጥ አለ። አንድ አባት «ልጄ፣ በአፌ እሺ ብዬሃለሁ፣ ጣቴን ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ሌላው ቀበል አድርገው «በሰማንያ ዘጠኝም ስም ብቻ ነው የምንጽፍ ብለውን ነበር» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። እሳቸውን ተከትሎ ሌላውም ተነሳ።

ይሄንን ያልተማረ ሰው ፍርሃት ነው የሚል ሰው ያናድደኛል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ መሬታችን ሊለካ ነው ተብሎ ጎጃም ሲያምጽ ብቸናና ሞጣ ከዋናዎቹ ውስጥ ነበሩ፣ ዛሬ ሰባ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ያኔ ነፍስ ያወቀ ነው። በ1989 የመሬት ሽግሽግ ደግሞ በደርግ ጊዜ ሹም ነበርክ፣ «ቢሮክራሲ» ነህ ተብሎ መሬቱ የተቆረሰበት ብዙ ነው። ስለዚህ ወረቀት ይዞ የመጣ እንግዳ ጣትህን ስጠኝ ሲለው እምቢ ያለው ሰው ደህና አድርጎ ያስታወሰና ደህና አድርጎ ያመዛዘነ ሰው ነው፣ እኛ ደግሞ ልናጠና የመጣነው ይሄንኑ ነው!

ወረዳ ስንሄድ የነገሩን መፍትሔ የቀበሌው ሊቀመንበር አብሮን እንዲቆም ነው። ቆመ፣ ያተመም ሰው ተገኘ፣ ግን ዓይናቸው እኛን ሳይሆን እሱን ነበር የሚያየው። እኔ ያንን ፈቃድ አልለውም፣ ተማሪውም በኔ ውትወታ እነዚያን ቅጾች ከዳታው አወጣቸው። ወሬው ግን ቀድሞን ሄደ፣ የሽማግሌዎችን መሬት ለወጣት ሊያዞሩ ነው ተባለ።

ጥናቱን ያጸደቀው የሥነምግባር ኮሚቴ ጋ ስንደውል ያነሳው ሰውዬ መልስ እስከዛሬ ይቆረቁረኛል። «ያላተመ አልተሳተፈም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።» ሌላ ሰው ፈልጉ ማለት እኮ ጠንቃቃውን ሁሉ አውጥታችሁ ግድ የሌለውንና ሊቀመንበር የሚፈራውን ብቻ አጥኑ ማለት ነው፣ ከዛ አዛውንት ሲወስን ችኩል ነው የሚል ውጤት ቢመጣ ማን ሊጠየቅ ነው? በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት ሥነምግባር የተጻፈበት፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የሄልሲንኪ ድንጋጌ እንኳን እየተሻሻለ መጥቶ በጽሑፍ ፈቃድ መስጠት ካልተቻለ የቃል ፈቃድ ምስክር ባለበት ተመዝግቦ ይበቃል ይላል። አንቀጹን አያይዘን ማሻሻያ ጻፍን፣ የበጀት ዓመቱ እየተገባደደ ደጅ ጠናን፣ በመጨረሻ ተፈቀደ።

ከዛ በኋላ እንዲህ አደረግን። መጀመሪያ ቀን ነገሩን ብቻ አስረድተን፣ ወረቀቱን ማንበብ ለሚችል ልጃቸው ወይም ለጎረቤት ትተን እንሄዳለን። ሌላ ቀን ስንመለስ እሳቸው ራሳቸው በመረጡት ምስክር ፊት በቃላቸው እሺ ወይ እምቢ ይላሉ፣ የሚፈርመው ምስክሩ ነው። አንዳንዱ የንስሐ አባቱን ጠርቷል፣ አንዷ እማሆይ ልጃቸውን ሳይሆን የባላቸውን እህት። የጥናቱ መመሪያ ተሳታፊውን ለብቻው አድርጋችሁ ጠይቁ ይላል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። እዚህ አገር ትልቅ ሰው ሳይማከር አይወስንም፣ ማንን እንዳማከረ ጠይቃችሁ ጻፉ፣ ከጥናቱ ሁሉ በላይ የጠቀመን ያ ዓምድ ነው።

ስለ ትዕግሥት የሚጠየቀውም ጥያቄ ላይ ይኸው ነገር መጣ። ዛሬ 100 ብር ይሻልዎታል ወይስ ከወር በኋላ 150 ስንላቸው «ከወር በኋላ አንተን የት አገኝሃለሁ?» ይላሉ፣ «ዛሬ» ያለን ሰው ሁሉ ትዕግሥት የለውም ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው። ብሩን እድሩ ዳኛ ጋ በፊታቸው አስቀምጠን ስንጠይቅ ቀደም ሲል ዛሬ ይሁንልኝ ያሉ ሰዎች እጠብቃለሁ ማለት ጀመሩ። ስለዚህ ፕሮፖዛል ስትጽፉ የቃል ፈቃዱንም ገንዘቡን የሚይዘውን ሰውም ከመጀመሪያው አስገቡት፣ በኋላ ማሻሻያ እያላችሁ ደጅ አትጥኑ።