የቅልጥም መከላከያ ከውኃ ቱቦ

የዛሬውን ቅዳሜ ያሳለፍኩት ከሰፈራችን ልጆች ጋር የቅልጥም መከላከያ ስንሠራ ነው። ሜዳችን ጠጠር ነው፤ ልጆቹም ካልሲያቸው ውስጥ ካርቶን አስገብተው ነበር የሚጫወቱት። ካርቶን ደግሞ ላብ ሲነካው ይልፈሰፈሳል።

ፒቪሲ የሚባለውን የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ በቁመቱ ቆርጠን የፈላ ውኃ ውስጥ ነከርነው። ሲለሰልስ በወፍራም ጓንት አውጥተን፣ እንደ ቅልጥም በተጠረበ እንጨት ላይ ተጭነን ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰስንበት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። እባካችሁ፣ የምትሞክሩ ካላችሁ እሳት ላይ በቀጥታ አታድርጉት፤ ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው።

ዋናው ነገር ግን ከሥሩ የሚለጠፈው ስፖንጅ ነው። ጠንካራው ቅርፊት ምቱን በሰፊው ይበትነዋል፤ ስፖንጁ ደግሞ እየተጨመቀ የምቱን ጊዜ ያራዝመዋል፣ አጥንቱ ላይ የሚደርሰው ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ሳስረዳቸው አንዱ ልጅ «መጀመሪያ ማን ሠራው?» አለኝ። የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ የኖቲንግሃም ፎረስት ተጫዋች ሳም ዊዶውሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 የክሪኬት እግር መከላከያውን ቆርጦ አሳጠረና ከካልሲው ውጭ አሰረው። በእግር ኳስ ሕግ ግዴታ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከ100 ዓመት በላይ! የስንቱ እግር ተሰብሮ ይሆን በመሃሉ?

የኛው ለሰፈር ጨዋታ እንጂ ለውድድር አይሆንም፤ ለውድድር ተፈትሾ የተረጋገጠውን መግዛት ግድ ነው። ለበረኛችን ደግሞ የክርንና የዳሌ መከላከያ ልንሠራ አስበናል። ቤታችሁ የማትፈልጉት ስፖንጅ ወይም ሰፊ ላስቲክ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።