በካፒታል የተጠየቀው ታፔላ

የምሠራው ጀርመን፣ ኦፈንባኽ አካባቢ፣ ታፔላ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። አንድ የምግብ ቤት ባለቤት መጣና «ጋስትሃውስ» (Gasthaus፣ የእንግዳ ማረፊያና ምግብ ቤት) የሚል ታፔላ አዘዘ። ፊደሉ ፍራክቱር የሚባለው የድሮ የጀርመን ፊደል ይሁን፣ ከሩቅ እንዲታይ ደግሞ ሁሉም በካፒታል ይጻፍ አለ።

ወጣቱ ዲዛይነራችን እንደታዘዘው ሠርቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ያምራል፤ ግን አይነበብም። «ኤ»ው እና «ዩ»ው ተመሳሰሉ፣ «ጂ»ው «ኤስ» መሰለ። ደንበኛው ራሱ የምግብ ቤቱን ታፔላ ማንበብ አቃተው።

ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ የነበሩ አንድ አዛውንት አብረውን ይሠራሉ። ጫፉ ሰፋ ያለ ብዕር አንስተው ቃሉን በትንንሹ ፊደል ጻፉት፤ መጀመሪያው ብቻ ካፒታል። ወዲያው ተነበበ። የብላክሌተር፣ ማለትም ፍራክቱር የሚመደብበት የጥቋቁር ፊደላት ወገን፣ ትንንሽ ፊደላት ቀጥ ያሉ፣ ጠባብ፣ መታጠፊያቸው ላይ የሚሰበሩ ናቸው። ጥቁሩና ነጩ እኩል እየተፈራረቀ ቃሉን አንድ አድርጎ ይይዘዋል። ካፒታሎቹ ግን የተሠሩት ቃል ፊት ለብቻቸው እንዲቆሙ ነው፤ ጌጡ ሁሉ እነሱ ላይ ነው። ሲደረደሩ ጌጥ ከጌጥ ይጋጫል። የብዕራቸውን አያያዝ ሳይ በመቃ የሚጽፉ የቁም ጸሐፊዎቻችን ትዝ አሉኝ፤ እዚያም ወፍራምና ቀጭኑን መስመር የሚሰጠው የብዕሩ አፍ ነው።

ደንበኛው ሌላም ስጋት ነበረው። «ሰው የናዚ ፊደል ነው ይለኝ ይሆን?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ፍራክቱር ግን እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ መጀመሪያ፣ በንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን አንደኛ ዘመን የተወለደ ፊደል ነው። ናዚዎች መጀመሪያ «የጀርመን ፊደል» ብለው አራገቡት። ከዚያ በጥር 1941 የናዚ ፓርቲ ባለሥልጣኑ ማርቲን ቦርማን በሂትለር ስም በጻፈው ሰርኩላር የአይሁድ ፊደል ነው ብለው ከለከሉት። ነገሩ ውሸት ነበር። ያም ሆኖ በ1930ዎቹ የወጡት ጌጥ የሌላቸው፣ ደረቅና ቀጥ ያሉ ብላክሌተሮች ያንን ዘመን ማስታወሳቸው አልቀረም። ለምግብ ቤት እነሱን አልመክርም። በ1793 በርሊን ላይ የወጣውን የአታሚውን የኡንገርን ፍራክቱር አሳየነው። ቀለል ያለና አየር ያለው ነው። ወደደው።

የቀረው «ኤስ» ነበር፤ ፍራክቱር ረጅምና ክብ የሆኑ ሁለት ዓይነት ትንሽ «ኤስ» አለው። በድሮው ሕግ መሐል ላይ ያለው ረጅሙ «ኤስ» ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ክቡ። ረጅሙ ግን «ኤፍ» ይመስላል። አዛውንቱ ሕጉ ይጠበቅ አሉ፤ ደንበኛው «ጋፍትሃውስ ብለው ያነቡብኛል» ብሎ እምቢ አለ። መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ከአዛውንቱ ጋር እቆም ነበር። በመኪና ለሚያልፍ ሰው በሚሰቀል ታፔላ ግን ደንበኛው ትክክል ነው፤ በክቡ ሠራነው። ከዚያ ወዲህ ፍራክቱር ለሚጠይቅ ደንበኛ ሁሉ ሁለቱንም «ኤስ» በትልቁ አትመን መንገድ ማዶ እንሰቅልለታለን፤ ዋጋ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።