«አበ በለ»

እኔና ባለቤቴ ከተኮራረፍን ሶስተኛ ቀናችን ነበር። ምክንያቱ አሁን ሳስበው ይሄ ነው የሚባል አይደለም፣ እሱ ከመርካቶ ተነስቶ የታክሲ ሰልፍና ትራፊኩን ጨርሶ ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ ማታ 2 ሰዓት ይሆናል፣ እኔም ቀኑን ሙሉ ከሁለት ልጅ ጋር ስታገል ውዬ ደክሞኛል፣ እንዴት ዋልክ እንዴት ዋልሽ ሳንባባል ሁለታችንም ስልካችን ላይ እናፈጣለን ከዛ አንዲት ቃል ታመልጥና በቃ። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ኩርፊያ መደበቂያ የለውም።

የምንነጋገረው በልጃችን በኩል ነበር። አምስት ዓመቷ ነው። «አባትሽን እራት ቀርቧል በይው»፣ «እናትሽን አልራበኝም በያት»፣ እሷ ከሳሎን ኪችን ትመላለሳለች። በሶስተኛው ቀን ሰለቻት መሰለኝ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ቀደደችውና ሄዳ አባቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«አበ በለ» ይላል።

እኔም ቀረብ ብዬ አየሁት። አባ ብላ ማለቷ ነው። ት/ቤት ገና ግዕዙን ብቻ ነው የጨረሱት፣ ስለዚህ ባም ብም ለሷ በ ናቸው። እሱ እርሳሱን ተቀበላትና ከስሩ በ ቡ ቢ ባ ብሎ ጻፈላት፣ «አየሽ የቀኝ እግሩ ረዘም ሲል አፍሽን ትከፍቻለሽ፣ ባ፣ ላም እንደዛው ነው» አላት። ከዛ ቀና ብሎ እኔን «ብ ላይ ጭረቷ በየት በኩል ነበረች?» አለኝ። ይጠፋዋል ብዬ አይደለም። «በግራ» አልኩት። በሶስት ቀን ውስጥ የተነጋገርነው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው።

ከዛ ወዲህ አንድ ነገር ከልቤ አምናለሁ። ፊደሉ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፣ ይሄን አስተማሪ ያስቆጥራታል። ቃሉን ግን የምታጠራቅመው ከኛ ወሬ ነው። ብላ የሚለውን በየቀኑ ስለሰማች ነው ልትጽፈው የሞከረችው። እኛ ዝም ስንል እሷ የምትሰማው ምንድነው? ስልክ ለልጅ አይመልስም፣ ጠይቃ መልስ የምታገኘው ከሰው ነው።

እናቴ ማንበብ የቻለችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ እኔ አልተወለድኩም፣ ግን ሁሌ የምትነግረን ስለ ፊደሉ ሳይሆን ስለ አባቴ ነው፣ እሷ ልትማር ስትሄድ ታላላቆቼን እሱ ይይዝላት ነበር፣ ስትመለስ ደግሞ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ይላታል። እስካሁን ስታወራው ፊቷ ይበራል። ባሏ ስለጠየቃት እኮ ነው!

አሁን እኛ ቤት ከእራት በኋላ ስልክ ቁምሳጥን ላይ ይቀመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ብትሆን ነው። የጨው ላስቲክ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የተገኘውን ታነባለች፣ አባቷ በመንገድ ያየውን ታፔላ ይነግራትና ትጽፈዋለች፣ ሲሳሳቱ እኔ አርማለሁ። እሷ ስትተኛ ወሬው ለኛ ይተርፋል፣ ስለ ኪራይ ስለ ስራው ስለ እናቱ መታመም፣ ድሮ በኩርፊያ ያልፍ የነበረው ሁሉ።

የከበደን ሰዓቱ ነው፣ 2 ሰዓት ለአምስት ዓመት ልጅ ይመሻል። ለጊዜው ያገኘሁት መላ ከት/ቤት ስትመለስ አንድ ሰዓት ማስተኛት ነው። አባት አምሽቶ የሚገባባችሁ እናንተስ እንዴት ነው የምታደርጉት? ጻፉልኝ እስቲ።